ስለ ቅመም ስትጽፉ ሳይንሳዊ ስሙንም ጨምሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሾላ ገበያ አጠገብ ባልትና ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። በርበሬ አስፈጫለሁ፣ ሽሮ አዘጋጃለሁ፣ የቅቤ ማንጠሪያ ቅመም እቀምማለሁ። ከዚህ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ጋዜጣችሁን ባንኮኒ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ሳነብ ደንበኛ ሲመጣ እጥፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ እንጂ ቅመም አልጠቀልልበትም፤ ቀለሙ ይለቃል።

የምጽፍላችሁ ሰሞኑን በቤተሰብ ገጻችሁ ላይ ስለ አዝሙድ ጥቅም ስላወጣችሁት ጽሑፍ ነው። በጥሩ ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ግን ሦስት ተክሎችን አንድ አድርጓቸዋል። ፎቶው የጥቁር አዝሙድ ነው። “ጥናቶች እንዳረጋገጡት” ብሎ የሚጀምረው አንቀጽ ደግሞ የትኛው አዝሙድ እንደተጠና አይናገርም። አዘገጃጀቱ ጋ ስንደርስ “አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ” ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች በምትኩ ከሙን መጠቀም እንደሚችሉ ይመክራል።

የዚህ ጣጣ እኔ ሱቅ ድረስ መጣ። አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው የጋዜጣውን ፎቶ አሳዩኝ። “ልጄ፣ ይሄን አዝሙድ ስጪኝ” አሉኝ። “ጥቁሩን ነው ነጩን እማማ?” ስላቸው “ለደም ግፊት የሚሆነውን” አሉ። ምን ልበላቸው? ፎቶው አንዱን ያሳያል፣ ጽሑፉ ሌላውን ያዛል። የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አዎ አሉ። እንግዲያው ሐኪምዎን ሳያማክሩ ምንም ነገር በመድኃኒት መልክ አይጀምሩ ብዬ ለዳቦ የሚሆን ጥቁር አዝሙድ ሸጬ ሸኘኋቸው። ከእሳቸው በኋላም ያንኑ ፎቶ ይዘው የመጡ አሉ።

እስቲ ሦስቱን ነጭ ሰሐን ላይ አንድ አንድ ቁንጥር አድርጋችሁ እዩአቸው። ጥቁር አዝሙድ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፣ አያብረቀርቅም። በጣታችሁ ስታዞሩት ማዕዘን ይቆረቁራችኋል፤ ፍሬው ሦስት ጠርዝ አለው። በጥርስ ሲሰበር ውስጡ ነጭና ቅባታም ነው። ነጭ አዝሙድ በስሙ ነጭ ይባል እንጂ ቡናማ ወደ አመድማ የሚያደላ ደቃቅ ነገር ነው። ጎኑና ጎኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ ጫፉ ላይ አንዳንዴ የጭራ ቅሪት ይታያል። በመዳፍ ሲታሽ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ከሙን ደግሞ ረዘም ያለ ነው፣ ሁለት ጫፉ ቀጠን ብሎ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ሽታው ከሁለቱም የተለየ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚለይ ሰው ብዙ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚለይ ግን የለም።

ሳይንሱ ምን ይላል? ጥቁር አዝሙድ ኒጄላ ሳቲቫ ነው። ነጭ አዝሙድ ትራኪስፐርመም አሚ ነው። ከሙን ኩሚነም ሲሚነም ነው። ነጭ አዝሙድና ከሙን የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ድንብላል፣ እንስላልና ካሮትም እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው። ዝምድናቸውን ለማየት ሲያብቡ መጠበቅ ነው። የሁሉም አበባ ከአንድ ነጥብ የወጡ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ተዘርግቶ ጃንጥላ ይሠራል። ካሮት ሳይነቀል ከርሞ ሲያብብ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጥቁር አዝሙድ ከዚህ ቤት የለበትም። የእሱ ዘመድ በየአጥሩ የምትጠመጠመው የአዞ ሐረግ ናት። ማለትም ሁለቱ አዝሙዶች የሚገናኙት እኛ ማጀት ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሽታም ያታልላል። ነጭ አዝሙድ ሲታሽ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ምክንያቱም ሁለቱም ውስጥ ታይሞል የሚባል መዓዛ ሰጪ ንጥረ ነገር አለ። ጦስኝ ግን የነጭ አዝሙድ ዘመድ አይደለም። የእሱ ቤተሰብ የበሶብላ፣ የናናና የጥብስ ቅጠል ቤት ነው። የዚያ ቤት ምልክት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ያለው ግንድ ነው። አንድ የናና ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት፤ ይገባችኋል። ተማሪዎቼን ይህን ሳስደርጋቸው ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ እሱን ነበር የሚያስታውሱት።

ይህን ስል የገበያውን አጠራር እየናቅኩ አይደለም። እኔም የምኖረው በእሱ ነው። ገበያው ቅመምን የሚመድበው በሚሰጠው አገልግሎት፣ በመልኩና በማቃጠሉ ነው። ለወጥ ሠሪ ከዚህ የተሻለ አመዳደብ የለም። ቁንዶ በርበሬ “በርበሬ” የተባለው ስለሚያቃጥል ነው፣ ተገቢም ነው። ግን ቁንዶ በርበሬ ፒፐር ኒግረም ነው፣ የሐረግ ፍሬ። በርበሬያችን ካፕሲከም አንዩም ነው፣ የቲማቲምና የድንች ዘመድ፣ አመጣጡም ከአሜሪካ አህጉር። የቁንዶ በርበሬ እውነተኛ ወንድም ጢምዝ ነው፤ ፒፐር ካፐንሴ ይባላል። ስሙ ግን ምንም ዝምድና አይነግራችሁም። ለሥጋ ቤቱም ሆነ ለክትፎ ቤቱ ይህ ምንም አያጎድልበትም። ጢምዝ ሲል ጢምዝ ያገኛል።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ከሰፈሩ ሲወጣ ነው። እንስላል ብላችሁ ስትጽፉ አንዱ አንባቢ ፎኒኩለም ቩልጋሬን ያስባል፣ ሌላው አኔተም ግራቬኦለንስን። ሁለቱንም በዚህ ስም የሚጠሩ አሉ። ከሴ ስትሉ ደግሞ አንዱ የዱሩን የኮሰረት ዘመድ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ዳማ ከሴን። ዳማ ከሴ ግን ኦሲመም ላሚፎሊየም ነው፣ የበሶብላ የቅርብ ወንድም። ኮሰረት ሊፒያ ነው፣ ቤተሰቡም ሌላ። ሁለት ከሴ፣ ሁለት ቤት። ለምግብ ከሆነ ይሁን፣ ወጡ ጣዕሙ ቢለወጥ ነው። “ለምች ፍቱን ነው፣ ጨምቃችሁ ጠጡ” ተብሎ ሲጻፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ውጭ ያሉትማ የባሰ ይደናገራሉ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህቴ የቅቤ ማንጠሪያ ልትሠራ ከጋዜጣ ላይ ባነበበችው ምክር ከሙን ጨመረች። ቅቤው ሌላ አገር ሄደ። ስትደውልልኝ “ሕንድ ሱቅ ግቢና አጅዋይን በያቸው” አልኳት። አጅዋይን ማለት የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው፣ አንድ ተክል። ጥቁሩን ደግሞ እነሱ ካሎንጂ ይሉታል። እኔ ባላውቀውስ? ፓኬቱ ጀርባ ላይ ትራኪስፐርመም አሚ የሚል ካየች ግን ሕንዱም፣ ሐበሻውም፣ ኢራኑም ምን ብሎ ይጥራው ያው ነው። ሃይፋ ያለ ዘመድም፣ ዱባይ ያለች ልጅም በዚህ ስም ሄደው አይሳሳቱም።

ባለሁለት ቃል ስሙን ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 ያሳተመው ሥራው ለዕፅዋት ስም መነሻ ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ለእንስሳት መነሻው የ1758ቱ ነው። ከእሱ በፊት አንድ ተክል ስሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ቅጠሉ እንዲህ የሆነ፣ አበባው እንዲያ የሆነ እየተባለ ይቆጠራል። ሊኔየስ ሁለት ቃል አደረገው። የእኛ ስም ሲጠራ የራስ ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የወገኑ ስም፣ ማለትም ከቤተሰብ ጠበብ ያለው የቅርብ ዘመዶች ስም፣ ቀድሞ የራሱ ይከተላል። ስለዚህ የኋለኛውን ብቻ መጻፍ ዋጋ የለውም። “ሳቲቫ” ማለት “የሚዘራ” ማለት ነው። ጥቁር አዝሙድ ሳቲቫ ነው፣ ድንብላል ሳቲቨም ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ሳቲቨም ነው፣ ሩዝ ሳቲቫ ነው። ሳቲቫን ስጡኝ ብሎ ገበያ የወጣ ሰው አህያ ሙሉ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ስሙ በአየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ለዕፅዋት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ የተለጠፈ፣ የደረቀ አንድ ናሙና አለ። ማን እንደለቀመው፣ የትና መቼ እንደሆነ ተጽፎበታል። ክርክር ሲነሳ ወደዚያ ናሙና ነው የሚኬደው። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሀርባሪየም፣ የእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ማከማቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ የመመዝገቡ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። 6,000 ገደማ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ያን ያህል ዓመት የተለፋበት ነገር እያለ ጋዜጣ ላይ “አንድ ቅጠል አለ፣ ስሙ በየአካባቢው ይለያያል” እያላችሁ ስትጽፉ ያናድደኛል። ይቅርታ፣ ግን ያናድደኛል።

ላቲን የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እንግዲያው የኮረሪማን ሳይንሳዊ ስም ይስማ፤ አፍራሞመም ኮሮሪማ። የእኛው ኮረሪማ ነው የገባበት። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ብራውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሰይመው አሞመም ከሚባለው ወገን አስገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ያንሰን የተባለ የኔዘርላንድ ተመራማሪ ወደ አፍራሞመም አዛወረው። የፊተኛው ቃል ተቀየረ፣ ኮሮሪማ ግን ቀረ። የዕፅዋት ስያሜ ደንብ ይህን ያስገድዳል። ጤፍም ኤራግሮስቲስ ቴፍ ነው። እንሰት ደግሞ የወገኑ ስም ራሱ ኤንሴቴ ነው። ኮሰረት ሊፒያ አዶኤንሲስ ትባላለች፤ አዶኤንሲስ ማለት “የዓድዋ” ማለት ነው። ጓሮ የምናለማትን፣ ቅቤ የምናነጥርባትን ኮሰረት ደግሞ ከዱሩ ለይተው “ኮሰረት” ብለው ንዑስ ስም የሰጧት የእኛው ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ዓድዋና ኮሰረት በአንድ ስም ውስጥ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

በዚህ አጋጣሚ ኮረሪማን “ሄል” እያላችሁ አትተርጉሙት። ሄል ኤሌታሪያ ካርዳሞመም ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ ከዝንጅብልና ከእርድ ጋር አንድ ቤት ናቸው። ሄል ትንሽና አረንጓዴ ናት፣ ለሻይ ትሆናለች። ኮረሪማ ትልቅ፣ ቡናማ፣ የጠርሙስ ቅርጽ ያለው፣ በክር ተሰክቶ የሚሸጥ ነው። ክትፎ ላይ ሄል የነሰነሰ ሰው ሻይ ይሸተዋል።

አሁን ደግሞ ልትሉኝ የምትችሉትን ልናገር። ሳይንሳዊ ስምም ይለዋወጣል። እውነት ነው፣ እኔም ላይ ደርሷል። የጥብስ ቅጠል ድሮ ስንማርም ስናስተምርም ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በዘረመል (ዲኤንኤ) ጥናት ላይ ተመሥርተው ተመራማሪዎች ሳልቪያ ከሚባለው ወገን ጨመሩት። አሁን ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ይባላል። ወደ ውጭ የምልከው ካርቶን ላይ የነበረው ሌብል የድሮውን ስም ይዟል። ወረቀቱን ያዘጋጀልኝ ልጅ ደግሞ አዲሱን ጽፎ ነበር። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበሩት ባለሙያ ሁለቱን አይተው “ይሄ ሌላ ዕቃ ነው” አሉ። ካርቶኑ ቆመ። ቅጠሉን ከፍቼ ባሸትታቸውም ወይ ፍንክች። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፣ ወረቀቱ የሚለውን ነው ያዩት። በመጨረሻ ሁለቱ ስሞች የአንድ ተክል መሆናቸውን የሚያሳይ ገጽ በስልክ አሳይቼ ነው የተለቀቀው።

ግን ልብ በሉ፣ የተፈታው እንዴት ነው? አሮጌው ስም አልጠፋም። ከአዲሱ ሥር ተመዝግቦ ተቀምጧል፣ የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ሲቀየርም በምክንያት ነው፣ ማን እንደቀየረው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ማድሪድ ላይ የተሰበሰቡት የዕፅዋት ሳይንቲስቶች ጥቁር አፍሪካውያንን የሚሰድብ ቃል የያዙ “ካፍራ” የሚባሉ ስሞች “አፍራ” እንዲባሉ በድምፅ ወስነዋል። ለአጥር የምንተክለው የደቡብ አፍሪካው ኮሽም ዶቪያሊስ ካፍራ ነበር፤ ስድቡ ከአጥራችን ላይ ተነሳ ማለት ነው። የአገራችን ኮሽም ደግሞ ዶቪያሊስ አቢሲኒካ ነው። እሾሃቸው ሁለቱም ያው ነው።

ከርዕስ ትንሽ ልውጣና ስለ ጎመንም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳስተምር በጣም የምወደው ነገር ስለነበር ነው። የእኛ ጎመን፣ ጎመንዘር የሚባለው፣ ብራሲካ ካሪናታ ነው። ሰናፍጭ ብራሲካ ኒግራ ነው። ጥቅል ጎመን ብራሲካ ኦለራሲያ ነው። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ውርስ የሚሸከም ክር፣ አለው። ጥቅል ጎመን 18። ጎመንዘር ስንት ይመስላችኋል? 34። እ.ኤ.አ. በ1935 ዩ ናጋሃሩ የተባለ ተመራማሪ ይህን ዝምድና አሳየ። ጎመንዘር የሁለቱ ልጅ ነው፣ የሁለቱንም ሙሉ ውርስ ይዞ የቀረ። ገበያ ላይ ሰናፍጭ ከቅመም ሻጭ ጋ ነው፣ ጎመን ከአትክልት ሻጭ ጋ። አንዷ እናት መሆኗን ማንም አይጠረጥርም። ፆም ሲገባ የሰናፍጭ ደንበኞቼን ይህን እየነገርኩ አደክማቸዋለሁ፣ ቻሉኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ስም ማጥራቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቅድም በርበሬ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው ብያለሁ። እዚያው ቤት ውስጥ አጤ ፋሪስ አለ። አስተናግርም ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። ቆሻሻ መጣያና የእርሻ ዳር ይወዳል። አበባው ነጭ ጡሩንባ፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ከፍሬው ውስጥ የሚወጣው ዘር ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ ነው፣ ጥቂቱ ይበቃል፤ ዓይን ይፈጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰው ይቀባጥራል፣ ሊሞትም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኡጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ በዕርዳታ የተሰጠ ዱቄት የዚህ ተክል መርዝ ተቀላቅሎበት ሰዎች ሞተዋል። የተገዛ ጥቁር አዝሙድ ሲመጣ ሰፌድ ላይ የማበጥረው፣ ጠፍጣፋ ዘር ካየሁም ከረጢቱን ሙሉ የምመልሰው ለዚህ ነው። ለጥርስ ሕመም የአስተናግርን ዘር ጭስ የሚያዙ ሰዎች አሉ። ጋዜጣ ላይ “የአካባቢው ሰዎች የሚጠቀሙበት አንድ ዘር” ተብሎ ስም ሳይነሳ ወጥቶ አንባቢ የራሱን ግምት ቢሞክርስ?

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ስለ አንድ ተክል ስትጽፉ መጀመሪያ የጠራችሁበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ባለሁለት ቃል ስሙን ጨምሩ። ደጋግማችሁ አትጻፉት፣ ጽሑፉን ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስም ቀጥሉ። እኔ በፊደላችን የጻፍኩት ለማንበብ እንዲቀል ነው። እናንተ የላቲኑን ፊደልም አስገቡበት፣ ሱቅ ሄዶ ለማሳየት የሚያገለግለው እሱ ነውና። “ጥናት አረጋግጧል” ስትሉ ደግሞ የትኛው ተክል፣ የትኛው ክፍሉ፣ በሰው ላይ ነው በአይጥ ላይ የሚለውን ጠይቁ። በኒጄላ ሳቲቫ ዘይት የተሠራ ጥናት ስለ ነጭ አዝሙድ ሻይ አንዲት ቃል አይናገርም። ጸሐፊው ተክሉን መለየት ካልቻለ የጤና ምክሩን ይተወው፣ አዘገጃጀቱን ብቻ ያውጣ። የወጥ ስህተት በጨው ይስተካከላል።

ፎቶም ቢሆን ከኢንተርኔት የተገኘውን ከመለጠፍ አንድ ቁንጥር ቅመም ወረቀት ላይ በትናችሁ በስልክ አንሱት። ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑ ይታያል። ናሙና ከፈለጋችሁ ሱቄ ቅርብ ነው፣ የምቆርሰው አንድ ቁንጥር አያጎድለኝም። ጥርጣሬ ካለ ሀርባሪየም ያሉት ሰዎች አሉላችሁ።

በመጨረሻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እሬት እንደምታወጡ አስታውቃችኋል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ከዚህ ሌላ የትም አይበቅሉም። የቅባትና የሻምፑ ጠርሙስ ላይ ስሙ የሚጻፈው አሎኤ ቬራ ግን የትውልድ አገሩ የዓረብ ምድር ነው፣ እዚህ የምናየው በጓሮና በማሰሮ የተተከለውን ነው። ስለ አሎኤ ቬራ የተባለውን ሁሉ ተራራ ላይ ለበቀለው እሬት አትስጡት። ፎቶ ስታነሱም አበባ ያለውን ፈልጉ። በቅጠል ብቻ እሬትን ከእሬት መለየት ባለሙያዎቹንም ያስቸግራል።

ከአክብሮት ጋር
የሾላ ገበያዋ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ